ሲዲው ማስታወስ የጀመረበት ታሪክ

ዊንዶውሱ አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ጥገና ቤት ሲገባ የባለቤቱ ጭንቀት ብዙውን ጊዜ ስለ ማሽኑ አይደለም፤ በውስጡ ስላሉት ፎቶዎችና ጽሑፎች ነው። ጠጋኙ አንድ ፍላሽ ይሰካና ላፕቶፑን ከፍላሹ ያስነሳዋል። ጥቂት ቆይቶ ሙሉ ዴስክቶፕ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ሃርድ ዲስኩ ይከፈታል፣ ፋይሎቹ ወደ ውጭ ይገለበጣሉ። ፍላሹ ሲነቀል ላፕቶፑ ላይ የተጫነ ነገር የለም፤ የተነካም ነገር የለም።

ይህ ላይቭ ሊኑክስ ነው፤ ሳይጫን የሚሠራ ሲስተም። አንዱ በክኖፒክስ ሲዲ ያውቀዋል፣ ሌላው ኡቡንቱን ከመጫኑ በፊት ሲሞክር አይቶታል፣ ሌላው ኪሱ ውስጥ የካሊ ፍላሽ ይዞ ይዞራል። ታሪኩን ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ቆራርጠን ነው። ቁርጥራጮቹን የሚያያይዛቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ ሊጻፍበት በማይችል ዲስክ ላይ የሚኖር ሲስተም የባለቤቱን ሥራ እንዴት ያስታውስ? ለጥያቄው ሁለት መልሶች ለየብቻ አደጉ። አንደኛው ዲስኩን ፈትቶ እንደገና መሥራት ሲሆን ሪማስተር ይባላል። ሁለተኛው ለውጡን ከዲስኩ ውጭ ማቆየት ሲሆን ፐርሲስተንስ ይሉታል። ሁለቱ እርስ በርስ ሳይጣሉ አንድ ፍላሽ ላይ እስኪኖሩ ድረስ ረጅም መንገድ ተሄዷል። በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ከ1991 እስከ 1995፦ ከፍሎፒ ወደ ሲዲ

ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረውን ኬርነል በ1991 ይፋ ሲያደርግ ሊኑክስን መሞከር ማለት ፍሎፒ ማገላበጥ ማለት ነበር። አንዱ ፍሎፒ ኬርነሉን ይይዛል፣ ሌላው መሠረታዊ ፕሮግራሞቹን። የአንዱ አቅም 1.44 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ሲስተሙ ባደገ ቁጥር የፍሎፒው ክምርም አብሮ አደገ። አንድ ሊኑክስ ለመጫን ከሃያ በላይ ፍሎፒ በተራ ማስገባት የተለመደ ሆነ፤ ከመካከላቸው አንዱ አልነበብ ካለ ድካሙ ሁሉ ገደል ይገባል።

ሲዲ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይዞ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አዳም ሪክተር በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ያቋቋመው ይግድራሲል ኮምፒዩቲንግ በ1992 መጨረሻ ሊኑክስን በሲዲ አወጣ። ይግድራሲል በሲዲ የተሠራጨ የመጀመሪያው ሊኑክስ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ላይ ሳይጫን በቀጥታ ከሲዲው መሥራትም ይችል ነበር። የላይቭ ሲዲ ሐሳብ ከዚህ ይነሳል።

ነገር ግን ማሽኑን የሚያስነሳው የዚያን ዘመን ባዮስ ከሲዲ መነሳት አያውቅም። ስለዚህ ሲዲው ራሱ ሥራ እንዲጀምር በፍሎፒ መታገዝ ነበረበት። ይህን እንቅፋት ያነሳው ፊኒክስና አይቢኤም በ1995 ያወጡት ኤል ቶሪቶ የተባለ ደንብ ነው። ዘዴው ብልሃት የተሞላበት ነበር፤ ሲዲው ውስጥ የአንድ ፍሎፒ ምስል ይቀመጣል፣ ባዮሱም ያንን ምስል እንደ እውነተኛ ፍሎፒ ቆጥሮ ማሽኑን ያስነሳበታል። ፍሎፒው ከእጅ ወጥቶ ሲዲው ሆድ ውስጥ ገባ።

የቀረው እንቅፋት ከዚህ የጠለቀ ነው። ሲዲ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚነበብ ነገር ነው። ሊኑክስ ደግሞ እየሠራ ሳለ መጻፉን አያቋርጥም። ሎግ ይጽፋል፣ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል፣ የተጠቃሚውን ምርጫ ይመዘግባል። የተገኘው መላ የሚጻፈውን ሁሉ ራም ላይ ማሳረፍ ነበር። ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ባዶውን ይቀራል። በዚህ ምክንያት መርሳት የላይቭ ሲስተም ተፈጥሮ ሆነ። የሚቀጥሉት ዓመታት ታሪክ ከዚህ ተፈጥሮ ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

## ከ1998 እስከ 2000፦ መጭመቅ

በ1998 ፈረንሳይ ውስጥ ሮቤርቶ ዲ ኮስሞና ባልደረቦቹ ዴሞሊኑክስን ጀመሩ። ስሙ እንደሚያመለክተው ዓላማው ማሳየት ነበር፤ ዊንዶውሱን መንካት የሚፈራ ሰው ሊኑክስን ከሲዲ አስነስቶ እንዲያየውና ከፈለገ ዘግቶት እንዲሄድ።

በ1999 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ሊኑክስኬር የተባለ ኩባንያ በቢዝነስ ካርድ መጠን የተቆረጠ ትንሽ ሲዲ ለሰው ማደል ጀመረ። ካርዱ 50 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ቢይዝም የተበላሸ ማሽን ለመጠገን የሚያስፈልገውን ሊኑክስ ተሸክሟል። ይህ የሆነው ራስቲ ራስል በጻፈው ክሉፕ በተባለ ፕሮግራም ነው። ክሉፕ ፋይል ሲስተሙን በትናንሽ ብሎኮች ይከፋፍልና እያንዳንዱን ብሎክ ለየብቻ ይጨምቀዋል። አንድ ፕሮግራም ሲከፈት የሚፈቱት የእሱ ብሎኮች ብቻ ናቸው፤ የቀረው እንደተጨመቀ ይቆያል።

መጭመቁ ቦታ ከመቆጠቡም ሌላ ያልተጠበቀ ጥቅም አመጣ። የሲዲ ድራይቭ ዘገምተኛ ነው፣ ፕሮሰሰር ግን ፈጣን ነው። ከሲዲው ጥቂት አንብቦ በፕሮሰሰር መፍታት ብዙውን በቀጥታ ከማንበብ ይፈጥናል። በዚህ የተነሳ የተጨመቀው ሲስተም ካልተጨመቀው በተሻለ ይሮጥ ጀመር። መጭመቁ ግን የራሱን ዋጋ አስከፈለ። ሲስተሙ ከእንግዲህ አንድ ወጥ ቋጥኝ ሆኗል፤ ከውስጡ አንዲት ፋይል ለመለወጥ የፈለገ ሰው ቋጥኙን በሙሉ ፈትቶ እንደገና መጭመቅ አለበት።

## ከ2000 እስከ 2004፦ ክኖፒክስና የሪማስተር ወቅት

ጀርመናዊው ኢንጂነር ክላውስ ክኖፐር በሴፕቴምበር 2000 ክኖፒክስን ለሕዝብ አወጣ። መሠረቱ ዴቢያን ነው። ክሉፕን ተጠቅሞ 700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ ወደ 2 ጊጋባይት የሚጠጋ ሶፍትዌር አሳረፈ። ስሙን ያስጠራው ግን ሃርድዌርን በራሱ የመለየት ችሎታው ነው። በዚያን ጊዜ ሊኑክስ ላይ የስክሪን ካርድን፣ የድምፅ ካርድን፣ አንዳንዴም ማውዝን ማስተዋወቅ የተጠቃሚው ሸክም ነበር። ክኖፒክስ በተነሳ ቁጥር የገባበትን ማሽን ራሱ ይመረምርና ከደቂቃዎች በኋላ ዴስክቶፑን ከነድምፁ ያቀርባል። አይቶት የማያውቀው ማሽን ላይም ቢሆን ሥራው ያው ነው።

ሰው ሲዲውን ከቀመሰ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። «ይሠራል ወይ?» የሚለው ቀርቶ «የምፈልገውን ፕሮግራም ለምን አልያዘም?» ሆነ። መምህሩ የሒሳብ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ የኔትወርክ ባለሙያው መፈተሻ መሣሪያ፣ ሌላው የራሱን ቋንቋ። ክኖፒክስ የተሠራው ከነፃ ሶፍትዌር ስለነበር ከፍቶ መለወጥም፣ የለወጡትን ማደልም በፈቃዱ ውስጥ ነበር። ሪማስተር ከዚህ ፈቃድ ተወለደ።

የ2003 ሰው ክኖፒክስን ሪማስተር ሲያደርግ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ማሽኑን ከሲዲው ያስነሳል። ሃርድ ዲስኩ ላይ 3 ጊጋባይት ገደማ ባዶ ቦታ ያዘጋጅና ሲስተሙን በሙሉ ወደዚያ ይገለብጣል። ሲገለበጥ ጭምቁ ስለሚፈታ ቋጥኙ አሁን ሊነካ የሚችል ተራ የፎልደር ክምር ሆኗል። ቀጥሎ ክሩት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ግልባጩ ይገባል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚሰጠው ትእዛዝ ሁሉ የሚደርሰው ለሲዲው ሳይሆን ለግልባጩ ነው፤ የተገለበጠው ፎልደር ራሱን ሙሉ ሲስተም አድርጎ ይመልሳል።

እዚያ ውስጥ የማይፈልገውን ያራግፋል፣ የሚፈልገውን ይጭናል። ሲዲው 700 ሜጋባይት ላይ ስለሚቆም አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት ግድ ነው። ከዚያ ጽዳት ይመጣል፤ የወረዱ ፓኬጆች፣ ሎጎች፣ ጊዜያዊ ፋይሎች ይጠረጋሉ። በመጨረሻ ሁሉም በ64 ኪሎባይት ብሎክ ተከፋፍሎ ይጨመቃል። የያኔው መጭመቂያ ሥራውን እስኪጨርስ ውጤቱን ሜሞሪ ውስጥ ይይዝ ስለነበር ራምና ስዋፕ ተደምረው 1 ጊጋባይት ያህል ያስፈልጉ ነበር። የብዙ ሰው ማሽን ደግሞ 128 ወይም 256 ሜጋባይት ራም ብቻ ነበረው። ቀሪው ከሃርድ ዲስክ ላይ በስዋፕ ስለሚመጣ መጭመቁ ሰዓታት ይወስዳል። ከዚያ ሲዲው ይቃጠላል፣ ማሽኑ ይነሳል፣ የተረሳችው አንዲት ፓኬጅ ትታወሳለች፤ ሥራውም እንደገና ይጀመራል።

በዚህ ድካም ውስጥ ያለፉ ሰዎች የክኖፒክስን ልጆችና የልጅ ልጆች አፈሩ። ዳም ስሞል ሊኑክስ ለአሮጌ ማሽኖች እንዲሆን ሙሉ ዴስክቶፕ 50 ሜጋባይት ላይ አሳረፈ። ለኔትወርክ ደህንነት የተሠራው ኦዲተር በ2006 ከሌላ አቻው ጋር ተዋህዶ ባክትራክ ሆነ፤ የባክትራክ ወራሽ ደግሞ በ2013 የወጣው ካሊ ነው። ዛሬ ካሊን በፍላሽ የሚይዝ ወጣት ሳያውቀው የዚያ ዘመን ሪማስተር ወራሽ ነው።

ይሁን እንጂ ሪማስተር የሠሪ መሣሪያ እንጂ የዕለት ተጠቃሚ መሣሪያ አልነበረም። ዛሬ ማታ የተጻፈች ደብዳቤ ነገ እንድትገኝ ብሎ ሲዲ በየምሽቱ የሚያቃጥል ሰው የለም።

## ከ2003 እስከ 2005፦ ማቆያ ፍለጋ

ለደብዳቤው የተገኘው የመጀመሪያ መላ ቀላል ነበር። ክኖፒክስ የተጠቃሚውን ምርጫዎች በፍሎፒ ወይም በፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ፤ ቀጥሎም የተጠቃሚውን ሆም ፎልደር በሙሉ ፍላሽ ላይ ማሳደር ተቻለ። ሲዲው ሲነሳ ፍላሹን ይፈልጋል፣ ካገኘው የትናንቱን ዴስክቶፕ ይመልሳል። ደብዳቤዋ ተረፈች። አዲስ የተጫነ ፕሮግራም ግን አልተረፈም፤ ፕሮግራም የሚጫነው ከሆም ውጭ፣ ሊጻፍበት በማይችለው ክፍል ነውና።

የአማርኛ ጸሐፊ ይህ የት ላይ እንደሚያም ይገባዋል። ሲዲው የአማርኛ ፎንት ከሌለው ገጹ ባዶ ሣጥን በባዶ ሣጥን ይሆናል። ፎንት አውርዶ፣ ኪቦርዱን አስተካክሎ፣ ሁለት ገጽ ጽፎ ማሽኑን መዝጋት ይቻላል። ሆም ፎልደሩ ፍላሽ ላይ ካለ ጽሑፉ በማግስቱ ይገኛል። ለሲስተሙ የተጫነው ፎንትና የኪቦርዱ ፕሮግራም ግን የሉም። የራስ ጽሑፍ በራስ ማሽን ላይ ሣጥን ሆኖ ይታያል።

በ2003 አውስትራሊያዊው ባሪ ካውለር ፓፒ ሊኑክስን አወጣ። ፓፒ ትንሽ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ወጥቶ ይሠራል። ማሽኑ መጀመሪያ ሲዘጋ ተጠቃሚውን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የሠራኸው በአንድ ፋይል ይቀመጥልህ ወይ? ያ ፋይል ሃርድ ዲስክ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ይቀመጥና በሚቀጥለው ጊዜ ፓፒ ሲነሳ ይከፈታል። የተጫነው ፕሮግራም ሳይቀር ይመለሳል። ፓፒ ከዚህም አልፎ ሥራውን ወደተነሳበት ሲዲ መልሶ መጻፍ ቻለ፤ በየመዝጊያው አዲስ ክፍል ሲዲው ጫፍ ላይ ይጨመራል፣ ሲነሳም ክፍሎቹ በቅደም ተከተል ይነበባሉ። ሊጻፍበት የማይችል ተብሎ የተተወው ዲስክ ማስታወስ የጀመረው እዚህ ነው።

የቼኩ ቶማሽ ማትየይቼክ ስላክስ ሌላ መንገድ ያዘ። ሲስተሙን ሳይፈቱ እያንዳንዱን ፕሮግራም ለብቻው በተጨመቀ ሞጁል አዘጋጅቶ አንድ ፎልደር ውስጥ መጣል ይበቃል፤ ሲነሳ ሁሉም ተደራርበው አንድ ሲስተም ይመስላሉ። ሪማስተር ያስከፍል የነበረው የሰዓታት ድካም ወደ ፋይል መገልበጥ ወረደ።

የእነዚህ ሙከራዎች ሁሉ የጋራ ሐሳብ መደራረብ ነው። በኒውዮርክ ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ኤሬዝ ዛዶክና ተማሪዎቹ ለዚህ የሚሆነውን ዩኒየንኤፍኤስን ሠርተው ነበር። ክኖፐር በማርች 2005 ለሀኖቨሩ ሴቢት ኤግዚቢሽን ባዘጋጀው የክኖፒክስ 3.8 እትም አስገባው። ከዚያ በፊት ክኖፒክስ የሚጻፍበትን ከማይጻፍበት ለማገናኘት የሚጠቀመው የሊንክ መረብ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ቀርቶ ሲዲው በሙሉ የሚጻፍበት ሆኖ ታየ። ማንኛውም ተጠቃሚ ያለ ሪማስተር፣ በሚሠራው ሲዲ ላይ ፕሮግራም መጫን ቻለ።

አሠራሩን ለመረዳት የቢሮ ጠረጴዛን ማሰብ ይበቃል። ከመስታወቱ ሥር የዓመቱ ካላንደር ተዘርግቷል። መስታወቱ ላይ በማርከር ቀጠሮ ቢጻፍ ከላይ ለሚያይ ሰው ጽሑፉ ካላንደሩ ላይ ያለ ይመስላል፤ ወረቀቱ ግን አልተነካም። የተጨመቀው ሲስተም ካላንደሩ ነው፤ የሚጻፍበት ንብርብር መስታወቱ ነው። ከሥር ያለ ፋይል ሲለወጥ መጀመሪያ ግልባጩ ወደ መስታወቱ ይወጣል፣ ለውጡም እዚያ ይደረጋል። ከሥር ያለ ፋይል «ሲጠፋ» ደግሞ መስታወቱ ላይ የመሸፈኛ ምልክት ይደረግበታል። ፋይሉ ከዐይን ይሰወራል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አሁንም አለ፣ የያዘውንም ቦታ አይለቅም። ይህቺ ትንሽ ዝርዝር ኋላ ላይ ትልቅ ነገር ሆነች።

## ከ2006 እስከ 2009፦ ሲዲ ለፍላሽ ሲለቅ

ኡቡንቱ በጁን 2006 ባወጣው 6.06 እትም ላይቭ ሲዲውንና መጫኛውን አንድ አደረጋቸው። ሰው መጀመሪያ ይሞክራል፣ ከወደደው እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ይጭናል። ላይቭ ሲስተም ከጠጋኞችና ከአድናቂዎች እጅ ወጥቶ የብዙኃን መግቢያ በር ሆነ።

በዚያው ሰሞን ባዮሶች ከዩኤስቢ መነሳት ተማሩ፣ ፍላሽም ረከሰ። ፍላሽ ይጻፍበታል። ታዲያ የመደራረቡ ችግር አብሮ ያበቃል ብሎ መገመት ይቻል ነበር፤ አላበቃም። ፍላሽ በተጻፈበት ቁጥር ስለሚደክም የሚጻፈውን መቆጠብ ያስፈልጋል። ፓፒ ለዚህ ብሎ ለውጡን ራም ላይ አጠራቅሞ በየ30 ደቂቃው ብቻ ወደ ፍላሽ ያወርዳል። በተጨማሪም ሰዎች ያልተነካ መሠረት መኖሩን ወደውት ነበር፤ የተበላሸ ነገር ቢኖር መስታወቱን መወልወል ይበቃል፣ ሲስተሙ እንደ መጀመሪያው ቀን ይመለሳል።

የመጭመቂያው ቴክኖሎጂም ተለወጠ። ፊሊፕ ሎገር ከ2002 ጀምሮ የሠራው ስኳሽኤፍኤስ ቀስ በቀስ የክሉፕን ቦታ ያዘና በ2009 ወደ ሊኑክስ ኬርነል በይፋ ገባ። ለመደራረቡ ጃፓናዊው ጁንጂሮ ኦካጂማ በ2006 የጀመረው ኤዩኤፍኤስ ዩኒየንኤፍኤስን ተካ።

ፐርሲስተንስ ሲስፋፋ ገደቦቹም ተገለጡ። ኡቡንቱ ካስፐር-አርደብሊው በሚባል ፋይል ለውጥን ያቆይ ነበር። አብዛኛው ፍላሽ ፎርማቱ ፋት32 ስለነበር ያ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም ነበር። ፌዶራ በ2008 በ9ኛው እትሙ ባመጣው ዘዴ ደግሞ ለውጡ የሚቆየው በፋይል ደረጃ ሳይሆን በዲስክ ብሎክ ደረጃ ነው፤ አንዴ የተያዘ ብሎክ ፋይሉ ቢጠፋም አይለቀቅም። ተጠቃሚው እያጠፋም እየጫነም ቢሆን ማቆያው ወደ መሙላት ብቻ ይሄዳል፤ የሞላ ዕለት ሲስተሙ አይነሳም።

ሌላው ገደብ ከሁሉም የሚያስገርመው ነው። ተጠቃሚው ሲስተሙን አፕዴት ሲያደርግ አዲሱ ፕሮግራም መስታወቱ ላይ ይጻፋል፣ አሮጌው ከሥር እንዳለ ይቀራል። አንድ ፍላሽ ያንኑ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ይሸከማል። ኬርነሉ ደግሞ የሚነሳው ንብርብሮቹ ከመዘርጋታቸው በፊት፣ ከፍላሹ የማስነሻ ፎልደር ስለሆነ በማቆያው ውስጥ የተጫነ አዲስ ኬርነል ፈጽሞ አይነሳም። ዓመት የተሠራበት ፍላሽ አሮጌ ኬርነልና የተደራረበ ክብደት ይዞ ይንፏቀቃል። ፐርሲስተንስ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሪማስተር እንደገና እንደሚያስፈልግ ያስገነዘበው ይህ ልምድ ነው።

## ከ2007 እስከ 2013፦ የማን ለውጥ? ምን ይታወስ?

ሪማስተርን ከክሩት ትእዛዞች አውጥቶ ቁልፍ በመጫን የሚሠራ ያደረገው ሪማስተርሲስ የተባለ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ሜፒስ ለተባለ ሊኑክስ ተሠራ፣ ቀጥሎ በኡቡንቱና በዴቢያን ተጠቃሚዎች ዘንድ ገነነ። የሚጀምረው ከላይቭ ሲዲ ሳይሆን ሃርድ ዲስክ ላይ ከተጫነው የራስ ሲስተም ነው፤ ዓመት ሙሉ የተስተካከለውን ማሽን እንዳለ ወደ ላይቭ ምስል ይለውጠዋል።

ሪማስተርሲስ ሁለት ምርጫ ይሰጥ ነበር። አንዱ የተጠቃሚውን ሆም ፎልደር ጨምሮ ለራስ መጠባበቂያ የሚሆን ነው። ሌላው የግል ፋይሉን ትቶ ለሌላ ሰው የሚታደል ነው። ልዩነቱ ተራ አይደለም። ምርጫውን ተሳስቶ ምስሉን ለጓደኛ የሰጠ ሰው የብራውዘር ፓስወርዱን፣ የዋይፋይ ቁልፉንና ደብዳቤዎቹን አብሮ ሰጥቷል። እስከዚያ ድረስ ጥያቄው ለውጥን እንዴት እናትርፍ የሚል ነበር። አሁን የትኛው ለውጥ የእኔ ብቻ ነው፣ የትኛው ለሰው ይሰጣል የሚል ተጨመረበት። መሣሪያው ልማቱ በ2013 ቢቆምም ይህ ክፍፍል ከእሱ በኋላ በመጡት ሁሉ ውስጥ ቀጠለ።

ከሌላ አቅጣጫ ደግሞ በ2009 አምኔዥያ በሚል ስም የጀመረው ኋላ ቴይልስ የተባለው ሲስተም መጣ። አምኔዥያ መርሳት ማለት ነው። ሌሎች ሊያሸንፉት የታገሉትን መርሳት ቴይልስ ጋሻ አደረገው። ከፍላሽ ይነሳል፣ ኢንተርኔቱን ማንነትን በሚሰውረው የቶር መረብ በኩል ያደርጋል፣ ሲዘጋ በማሽኑ ላይ ዱካ አይተውም። ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 የአሜሪካን የስለላ ሰነዶች ሲያጋልጥ ከእሱ ጋር የሠሩ ጋዜጠኞች ቴይልስን ተጠቅመዋል።

ቴይልስም ቢሆን ግን ሙሉ በሙሉ በመርሳት መኖር አልቻለም። የምስጢር ቁልፉንና ረቂቁን በየዕለቱ የሚያጣ ጋዜጠኛ ሊሠራበት አይችልም። በ2012 በፓስወርድ የሚቆለፍና የተመሰጠረ ማቆያ ጨመረ። ይህ ማቆያ ሁሉን አይዝም፤ ተጠቃሚው የሚቀመጠውን በየዓይነቱ ይመርጣል፣ ያልመረጠው ይረሳል። ማስታወስ ከዚህ በኋላ በልክ የሚደረግ ውሳኔ ሆነ።

## ከ2014 ወዲህ፦ ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ

ለዓመታት ዩኒየንኤፍኤስም ኤዩኤፍኤስም ከዋናው ኬርነል ውጭ ነበሩ። የላይቭ ሲስተም ሠሪዎች በየኬርነሉ እትም እንደገና እያበጁ ይጨምሯቸው ነበር። ሚክሎሽ ሰረዲ የሠራው ኦቨርሌይኤፍኤስ በዲሴምበር 2014 ከሊኑክስ 3.18 ጋር ወደ ኬርነሉ ሲገባ መደራረብ የሊኑክስ ቋሚ አካል ሆነ። ለዚህ የገፋው የላይቭ ሲዲ ፍላጎት ብቻ አልነበረም። በ2013 የወጣው ዶከር የተባለ መሣሪያ ያንኑ ሐሳብ ወደ ሰርቨሮች ወስዶት ነበር፤ የማይነካ መሠረት ከሥር፣ ስስ የሚጻፍበት ንብርብር ከላይ፣ ሲፈለግም ለውጡን ወደ አዲስ መሠረት መለወጥ። የመጀመሪያው የዶከር ማደራረቢያ ራሱ ኤዩኤፍኤስ ነበር።

ሪማስተርና ፐርሲስተንስ በአንድ ፍላሽ ላይ ተስማምተው ሲኖሩ በጥራት የሚታየው አንቲክስና ኤምኤክስ ሊኑክስ ላይ ነው። አንቲክስ በ2007 በግሪኳ ተሰሎንቄ ለአሮጌ ማሽኖች ተብሎ ተጀመረ፤ ኤምኤክስ ደግሞ በ2014 ከአንቲክስና ከሜፒስ ማኅበረሰቦች ትብብር ተወለደ። ሁለቱ በሚጋሩት የላይቭ አሠራር ፍላሹ ላይ ሦስት ፋይሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፦ ሊኑክስኤፍኤስ የተጨመቀው መሠረት ነው፣ ሩትኤፍኤስ የሲስተሙን ለውጥ ያቆያል፣ ሆምኤፍኤስ የተጠቃሚውን ፋይል ለብቻው ይይዛል። ተጠቃሚው ለውጡ ወዲያው ፍላሹ ላይ እንዲጻፍ፣ ወይም ራም ላይ ቆይቶ ሲዘጋ እንዲወርድ መምረጥ ይችላል።

ወራት አልፈው ሩትኤፍኤስ መሙላት ሲጀምር ተጠቃሚው እዚያው እየሠራ ሪማስተር ያዛል። መሣሪያው የሚጨምቀው ከላይ የሚታየውን የሁለቱን ንብርብሮች ድምር ነው። መስታወቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ወደ ወረቀቱ ይገባል። የተሸፈነው ፋይል አሁን በእርግጥ ይወጣል፣ ቦታውም ይለቀቃል። ሁለቴ ይሸከሙት የነበረው ፕሮግራም አንድ ይሆናል። የብራና ጸሐፊ አሮጌ መጽሐፍ ሲገለብጥ በኅዳጉ የተጻፈውን እርማት በአዲሱ ገጽ መካከል እንደሚያስገባው ማለት ነው።

በዚህ ቅጽበት ግን አደገኛ ነገር አለ። አሮጌው ሩትኤፍኤስ በአዲሱ መሠረት ላይ ቢነጠፍ ምን ይሆናል? የተጫኑ ፓኬጆች መዝገብም በውስጡ አለ። የትናንቱ መዝገብ ከላይ ሆኖ የአዲሱን ይሸፍነዋል፤ ሲስተሙ የሌለውን አለኝ፣ ያለውን የለኝም ይላል። የተቀመጠ ለውጥ የተቀመጠበትን መሠረት ካጣ መልሶ ጠላት ይሆናል። በእጃቸው ሪማስተር ያደረጉ ሰዎች ይህን ያወቁት ሲስተማቸው ከተበላሸ በኋላ ነበር።

አንቲክስና ኤምኤክስ ይህን በቅደም ተከተል ፈቱት። ሪማስተሩ አዲሱን መሠረት ከአሮጌው ጎን፣ አዲስ የሚል ምልክት ለጥፎ ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ ፍላሹ ለሁለቱም ቦታ ሊኖረው ይገባል። ማሽኑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ፣ ምንም ነገር ገና ሳይከፈት፣ አሮጌው ሊኑክስኤፍኤስ «አሮጌ» ተብሎ ስሙ ይለወጣል፣ አዲሱ ቦታውን ይይዛል። በውስጡ የነበረው ሁሉ ወደ መሠረቱ የገባው ሩትኤፍኤስም እንዲሁ ገለል ይደረጋል። የተጠቃሚው ሆምኤፍኤስ ካለ ባለበት ይቆያል። ተጠቃሚው ባዶ ሩትኤፍኤስ ፈጥሮ ከአዲስ መሠረት ላይ ይቀጥላል። እዚህም ያ የሪማስተርሲስ ጥያቄ ይመጣል፤ ሪማስተሩ ለራስ ነው ወይስ ለሌላ የሚሰጥ?

የመጀመሪያው መነሳት እስኪያልፍ ልብ ይሰቀላል። አዲሱ መሠረት ካልሠራ ግን አሮጌው ሊኑክስኤፍኤስ አሁንም ፍላሹ ላይ ነው። በማስነሻው ሜኑ ላይ ሮልባክ የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው፤ ስሞቹ ይመለሳሉ፣ የትናንቱ ሲስተም ከነለውጡ ይነሳል። አዲሱ ከሠራ ደግሞ ዴስክቶፑ ይመጣል፣ የአማርኛው ፎንት በቦታው ነው፣ ሁለቱ ገጾች በፊደላቸው ይከፈታሉ፣ ማቆያውም ባዶ ነው። ይህን አይቶ ያረጋገጠ ሰው «አሮጌ» የተባለውን ፋይል ያን ጊዜ ያጠፋዋል።